ካሴት፣ ዳት፣ ሲዲ ወይስ ፍላክ? የጃዝ ኮንሰርት ቅጂ ለሚለዋወጡና በጆሮ ብቻ ለሚገምቱ

በ2005 መጀመሪያ ላይ ላሪ አፕልባውም የተባለ ባለሙያ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ ቴፖችን ወደ ዲጂታል እየገለበጠ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቴፖቹን የቀዳው የቮይስ ኦፍ አሜሪካ ሬዲዮ ነው። ቦታው ኒውዮርክ፣ ካርኔጊ ሆል፤ ቀኑ ኖቬምበር 29፣ 1957። በአንዱ ሳጥን ላይ በእጅ የተጻፈው «ቲ. ሞንክ» ይላል። ቴፑ መዞር ሲጀምር ግን ከቴሎኒየስ ሞንክ ፒያኖ ጎን አንድ ቴነር ሳክስፎን ተሰማ። አፕልባውም ድምፁን ለየው። ጆን ኮልትሬን ነበር። ሁለቱ አብረው የተጫወቱበት ጊዜ አጭር ስለነበር ከዚያ ወቅት የተረፈው ቅጂ በጣም ጥቂት ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ የከረመው ቴፕ በዚያው ዓመት በብሉ ኖት የሙዚቃ ኩባንያ አልበም ሆኖ ወጣ።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የጃዝ ወዳድ ሁለቱ ትልልቅ ደስታዎች እዚህ ተገናኝተዋል። አንዱ ስሙ ያልተነገረ ሙዚቃ ሰምቶ «ይሄ ማነው?» ብሎ መገመት ነው። ሌላው በሱቅ የማይገኝ የኮንሰርት ቅጂ አግኝቶ ለሌላው ማካፈል ነው። ሁለቱም የሚሠምሩት ቅጂው ሳይበላሽ፣ ታሪኩም ሳይጠፋ እጃችን ሲደርስ ብቻ ነው።

አዲስ ሰው ወደዚህ ዓለም ሲገባ ምርጫው ግራ ያጋባዋል። አንዱ «የካሴትን ድምፅ የሚያህል የለም» ይለዋል። ሌላው «ዳት (በዲጂታል የሚቀዳ ትንሽ ቴፕ) ካልሆነ አልነካም» ይላል። ሦስተኛው «ኤምፒስሪ ይበቃል፣ ማን ይለየዋል?» ብሎ ይገላገላል። ሁሉም እንደየፍላጎቱ ትንሽ እውነት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን እንየው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያውና ለእኔ ትልቁ መለኪያ የቅጂው ታሪክ ነው። ማን ቀዳው? በምን መሣሪያ? ከዚያስ ስንት ጊዜ ተገለበጠ? ይህን ለዋዋጮች «የዘር ሐረግ» ይሉታል። በኦሪጅናሉ ቴፕና በእናንተ ቅጂ መካከል ያለው እያንዳንዱ ግልባጭ ደግሞ «ትውልድ» ይባላል። የዘር ሐረጉ የማይታወቅ ቅጂ ድምፁ ቢያምር እንኳ እምነት አይጣልበትም።

ሁለተኛው፣ ሲገለበጥ የሚጠፋ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ለገማች ግን ሞትና ሕይወት ነው። አራተኛው የመያዣው ዕድሜ፣ አምስተኛው ማጫወቻው ዛሬ መገኘቱ፣ ስድስተኛው ወጪውና ልፋቱ።

ስለ ፍጥነት ትንሽ ልቆይ። ቴፕ 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ሙዚቃው በአንድ ሴሚቶን፣ ማለትም በአንድ የፒያኖ ቁልፍ ከፍ ይላል። 3 በመቶ ቢፈጥን ደግሞ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ይወድቃል። ቴነር ሳክስፎን ቀጠን ብሎ ወደ አልቶ (ድምፁ ከቴነር ከፍ ወዳለው ሳክስፎን) ይጠጋል። ድራመሩ ከወትሮው የተቻኮለ ይመስላል። እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ አንድን ሳክስፎን ተጫዋች በቃናው ለመለየት መሞከር ፀጉሩን የተላጨ ሰው በጀርባው እንደመለየት ነው። ችግሩ በአማተር ቴፕ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የመጀመሪያው ገጽ በማርች 1959 ሲቀዳ ዋናው ቴፕ መቅጃ ትንሽ ይዘገይ ነበር። በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ከፍ ብሎ ወጣ። ስህተቱ እስከ 1992 ሳይታረም ቆየ። በዓለም ከታወቁት የጃዝ አልበሞች አንዱ ላይ ይህ ከደረሰ፣ ከኪስ መቅጃ በአምስተኛ ትውልድ የመጣ ካሴት ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ብዙ ቅጂዎች ውስጥ ከመብራት መስመር የሚገባ ቀጭን እምምታ አለ። በአሜሪካ የተቀዳ ከሆነ ይህ ድምፅ 60 ኸርትዝ ላይ፣ በአውሮፓ ከሆነ 50 ላይ መቀመጥ አለበት። በኮምፒውተር ድምፅ ማረሚያ ስታዩት 62 ላይ ካገኛችሁት ቴፑ ፈጥኗል ማለት ነው። ፒያኖ ካለም ከተቃኘ መሣሪያ ጋር አስተያዩ።

ከመያዣው በፊት ምንጩ

ሰዎች በካሴትና በሲዲ ሲከራከሩ ዋናውን ይዘሉታል። ቅጂው በምን ላይ ተቀመጠ ከሚለው ይልቅ ከየት ተቀዳ የሚለው ድምፁን ይወስነዋል።

ከመድረክ ሚክሰር በቀጥታ የተቀዳ «ሳውንድቦርድ» ይባላል። ንጹሕ ነው፣ ጭብጨባው ሩቅ ነው። ግን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። በትንሽ ክበብ ውስጥ ድራም በራሱ ስለሚሰማ ብዙ ጊዜ ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ትንሽ ነው። ስለዚህ ፒያኖና ቤዝ ጎልተው ድራሙ ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ይመስላል።

ከአድማጭ መቀመጫ የተቀዳው ደግሞ ክፍሉን ይዞ ይመጣል። ሳል፣ ብርጭቆ፣ ወንበር ሲጎተት። ጥሩ ማይክሮፎንና ጥሩ ቦታ ከተገኘ ግን የባንዱን ሚዛን እንደነበረ ይሰጣል። ማይክ ሃሪስ የተባለ የቢል ኤቫንስ አድናቂ ከባለቤቱ ጋር ከ1966 እስከ 1975 በኒውዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ እየተቀመጠ ፒያኒስቱን በድብቅ ይቀዳ ነበር። ቅጂዎቹ በ1996 በ8 ሲዲ ታትመው ወጡ። የስቱዲዮ ጥራት የለውም። ነገር ግን አንድ ሰው ለዓመታት በዚያው ክፍል ሲያድግና ሲለወጥ የሚሰማበት ሌላ መንገድ የት ይገኛል?

በ1961 ሪቻርድ አልደርሰን በቪሌጅ ጌት ክበብ አዲስ የድምፅ መሣሪያ ሲሞክር በአንድ ማይክሮፎን የቀዳው የኮልትሬንና የኤሪክ ዶልፊ ቅጂም በ2023 ወጥቷል። የኤልቪን ጆንስ ድራም ጎልቶ ይሰማል። ለእኔ ይህ ጉድለቱ አይደለም። ድራሙ ፊት ለፊት ሲመጣ ሌሎቹ ምን ላይ ቆመው እንደሚጫወቱ ይገባችኋል።

ሦስተኛው ምንጭ የሬዲዮ ስርጭት ነው። የባለሙያ ማይክሮፎን፣ የተመጣጠነ ድምፅ፣ አንዳንዴም አስተዋዋቂው ስሞቹን ይጠራል። ለሰብሳቢ ከሁሉም የሚመቸው ይሄ ነው። ለግምት ጨዋታ ግን አስተዋዋቂውን መቁረጥ አትርሱ!

ካሴት

ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት ለብዙ ዓመታት የለዋዋጮች ዋና መያዣ ነበር። ርካሽ ነው፣ በፖስታ ይላካል፣ ሁሉም ቤት ማጫወቻ ነበረ። ዛሬም በየሰው ሳጥን ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ኮንሰርት ያለው በካሴት ነው።

ችግሩ ሲገለበጥ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ሽሽታ ይጨምራል፤ ሲምባሉም እየደበዘዘ ይሄዳል። ኦሪጅናሉና ሁለተኛው ትውልድ ብዙም አይራራቁም። አራተኛው ላይ ስትደርሱ የድራሙ ብሩሽና የቴፑ ሽሽታ ይደባለቃሉ። የ90 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጽ የሚይዘው 45 ደቂቃ ነው። ጃዝ ደግሞ በሰዓት አይመራም። ስንቱ ሶሎ ካሴቱ ወደ ሌላው ገጽ ሲዞር መሀሉ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል! የ120ው ረዘም ይላል፣ ቴፑ ግን ቀጭን ስለሆነ ይጠመጠማል፣ ይለጠጣል። ባይነካ ይሻላል።

ስለ መቁረጥ ካነሳን ዲን ቤኔዴቲን ማንሳት ግድ ነው። በ1947 እና በ1948 ታዋቂውን ሳክስፎኒስት ቻርሊ ፓርከርን በየክበቡ እየተከተለ የቀዳ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ዲስክና ቴፕ ለመቆጠብ ፓርከር ሶሎውን ሲጨርስ መቅጃውን ያጠፋ ነበር። የሌሎቹ ሶሎ ቀረ። ሞዛይክ የተባለው አሳታሚ በ1990 ይህን ስብስብ በ7 ሲዲ ሲያወጣው አድማጭ ያገኘው የቁርጥራጭ ውቅያኖስ ነው። ከፓርከር አንጻር ዋጋው አይተመንም። ከጎኑ የተጫወቱት ሰዎች ምን መለሱለት የሚለውን ግን ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም። እናንተ ስትገለብጡ «ይሄ የቤዝ ሶሎ ረዘመ» ብላችሁ አትቁረጡ።

ፍርዴ ይሄ ነው። ካሴት ዛሬ ምንጭ ነው እንጂ መለዋወጫ አይደለም። ያላችሁን ጠብቁ፣ በጥሩ ሁኔታ ወደ ዲጂታል ገልብጡ፣ አዲስ ካሴት ላይ ግን አትቅዱ።

ዳትና ሚኒዲስክ

ሁለቱንም ሶኒ አወጣቸው፤ ዳትን በ1987፣ ሚኒዲስክን በ1992። ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይጠራሉ፣ ግን ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ዳት ድምፁን ሳይጨምቅ በ16 ቢት፣ እስከ 48 ኪሎኸርትዝ ይቀዳል። ከዳት ወደ ዳት በዲጂታል ገመድ ሲገለበጥ የሚጠፋ ነገር የለም። በ1990ዎቹ የተቀዱ ምርጥ የአድማጭ ቅጂዎች ብዙዎቹ ከዳት የመጡ ናቸው። ይሁንና ሶኒ የዳት መሣሪያ ማምረቱን በ2005 አቁሟል። የቀሩት ማጫወቻዎች እያረጁ ነው። ቀጭኑ ቴፕ የሚነበብበት ጭንቅላት በፍጥነት ስለሚሽከረከር ትንሽ ከመስመር ከወጣ ድምፁ ይቆራረጣል። ካሴት ሲያረጅ ይደበዝዛል፤ ዳት ሲያረጅ ድንገት ዝም ይላል። ዳት ያለው ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ይገልብጥ።

ሚኒዲስክ ትንሽ ዲስክ ስለሆነ ለመያዝ ይመቻል። በኪስ ገብቶ ኮንሰርት የቀዳ ብዙ ነው። ግን ድምፁን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀውም አይመለስም። ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ጉዳቱ ይደራረባል። ኦሪጅናል ቅጂው በሚኒዲስክ ከሆነ ምን ይደረግ፣ እሱን ይዘን እንሄዳለን። ከሌላ ምንጭ ወደ ሚኒዲስክ መገልበጥ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሶኒ ባዶ ዲስኩን ማምረቱንም በ2025 አቁሟል።

የሚቀዳ ሲዲ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ሲዲ መቅዳት ሲችል የለዋዋጩ ዓለም ተገለበጠ። 80 ደቂቃ ይይዛል፣ ባዶው ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተገለበጠ ትውልድ የሚባል ነገር የለውም።

«በትክክል ከተገለበጠ» የሚለውን አስምሩበት። የድምፅ ሲዲ እንደ ፋይል አይነበብም። ጭረት ሲያጋጥም አንባቢው የጎደለውን በግምት ይሞላና ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ደጋግሞ አንብቦ የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። ሌላው የተለመደ ጥፋት በዘፈን መካከል የሚገባው 2 ሰከንድ ዝምታ ነው። ኮንሰርት ላይ ጭብጨባው ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። ዲስኩ ዘፈን በዘፈን ከተቀዳ ያ ጭብጨባ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሁሌም ዲስኩን ባንድ ጊዜ የሚቀዳውን ምርጫ ተጠቀሙ።

ዕድሜውስ? የሚቀዳው ሲዲ ሙዚቃውን የሚይዝበት ቀለም ፀሐይ አይወድም። አንዳንዱ ዲስክ 20 ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ በጥቂት ዓመት ውስጥ አልነበብም ይላል፣ ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠውም። የሚለጠፍ ወረቀት አትለጥፉበት። በመሀለኛው ግልጽ ቀለበት ላይ በለስላሳ ማርከር ቁጥር ጻፉና ዝርዝሩን ሌላ ቦታ አኑሩ።

ለማከማቻነት አልመክረውም። ለስጦታና ለግምት ጨዋታ ግን አሁንም ደስ ይላል። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሳይቀነስ የሚጨመቅ ፋይል፦ ፍላክ

መጀመሪያ ሾርተን የሚባል ነበር። ከ2001 ጀምሮ ግን ፍላክ ቦታውን ወሰደ። ነጻ ነው፣ ክፍት ነው፣ በ2024 መጨረሻ ላይም የኢንተርኔት መደበኛ ሰነድ ወጥቶለታል። በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ ሳይጨመቅ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፍላክ ይህን ወደ ግማሹ አካባቢ ያወርደዋል፤ ሲፈታ ግን እያንዳንዷ ቢት ቦታዋ ላይ ናት።

እኔን የማረከኝ የቦታው ቁጠባ አይደለም። ፍላክ ውስጡ የድምፁን የጣት አሻራ ይዞ ይጓዛል። ፋይሉ በመንገድ ላይ ከተበላሸ ፕሮግራሙ ይነግራችኋል። በካሴት ዘመን «ይሄ ቅጂ ከእሱ የወሰድኩት ነው» የሚለውን በቃል ነበር የምናምነው። አሁን ሁለት ሰዎች በሁለት አህጉር ሆነው አሻራውን አስተያይተው አንድ ቅጂ መያዛቸውን ማረጋገጥ ይችላሉ።

ከድምፁ ጋር አንድ የጽሑፍ ፋይል መኖር አለበት። በውስጡም ተጫዋቾቹ፣ ቀኑና ቦታው፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ምንጩ፣ ከዚያም የዘር ሐረጉ። ለምሳሌ፦ «ከአድማጭ መቀመጫ፣ ሁለት ማይክሮፎን፤ ዋናው ካሴት፤ ፍጥነቱ 1.5 በመቶ ወርዶ ተስተካክሏል፤ ፍላክ።» ፍጥነት ስታስተካክሉ ያልተነካውን ግልባጭ አትሰርዙ። ነገ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው ሊመጣ ይችላል።

ኤምፒስሪ

በስልክ ለመስማት ጥሩ ነው። ለመለዋወጥ አይሆንም። ፋይሉን ለማሳነስ ሲጨምቅ የጣለውን ድምፅ አይመልስም። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዱ ኤምፒስሪውን ወደ ሲዲ ገልብጦ ያ ሲዲ ወደ ፍላክ ሲቀየር ነው። ላዩ ፍላክ፣ ውስጡ ኤምፒስሪ ይሆናል።

መለያው የድምፁን ስፔክትረም (ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ የሚያሳየውን ሥዕል) በኮምፒውተር ማየት ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርትዝ በላይ በምላጭ እንደተቆረጠ ባዶ ይሆናል። ግን አትቸኩሉ፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ኤፍኤም ሬዲዮ ራሱ ከ15 ኪሎኸርትዝ በላይ ሙዚቃ አያስተላልፍም፤ 19 ላይ ደግሞ የስቴሪዮ ምልክቱ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው እውነተኛ የሬዲዮ ቅጂን «የውሸት ነው» ብሎ ይጥላል።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ሲገለበጥ | ፍጥነት | ማጫወቻ | ወጪና ልፋት | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ካሴት | በየትውልዱ ይቀንሳል | መረጋገጥ አለበት | ይገኛል፣ ጥሩው ጥቂት ነው | ቴፑ ርካሽ፣ መገልበጡ አድካሚ | ለምንጭነት |
| ዳት | አይቀንስም | የተረጋጋ | እየጠፋ ነው | ማጫወቻው ውድ | ቶሎ ለመገልበጥ ብቻ |
| ሚኒዲስክ | ይቀንሳል | የተረጋጋ | እየጠፋ ነው | መካከለኛ | ዋናው ቅጂ በእሱ ከሆነ ብቻ |
| የሚቀዳ ሲዲ | በጥንቃቄ ከሆነ አይቀንስም | የተረጋጋ | ይገኛል | ርካሽ፣ ትንሽ ልፋት | ለስጦታ፣ ለግምት |
| ፍላክ | አይቀንስም | የተረጋጋ | ኮምፒውተር፣ ስልክ | ሃርድ ዲስክ ብቻ | ለማከማቸት፣ ለመለዋወጥ |
| ኤምፒስሪ | እንደገና ሲጨመቅ ይቀንሳል | የተረጋጋ | ሁሉም ቦታ | ከሁሉ ርካሽ | መንገድ ላይ ለመስማት |

«የተረጋጋ» ማለት መያዣው ራሱ ፍጥነት አይለውጥም ማለት ነው። ከተበላሸ ካሴት የተገለበጠ ፍላክ የካሴቱን ስህተት ታማኝ ሆኖ ይዞት ይኖራል።

እንዴት ይለዋወጡ?

አንድ በአንድ መለዋወጥ ከሁሉም የቆየ ነው። እኔ አንድ ኮንሰርት እሰጣለሁ፣ አንተ አንድ ትሰጠኛለህ። ስብስብ ላለው ሰው ይመቻል። ምንም የሌለው ጀማሪ ግን በር ላይ ይቀራል። ለእሱ የተፈጠረው መንገድ ባዶ ዲስክና የመልስ ፖስታ ልኮ ተቀድቶ እንዲመለስለት መጠየቅ ነው። ሰጪው የሚያወጣው ጊዜውን ብቻ ነው። ይህ ልማድ ስንቱን ሰው ወደ ጃዝ እንዳስገባ ሳስብ ለእነዚያ ሰጪዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

«ዛፍ» የሚባለው አንድ ሰው ለጥቂቶች፣ እነሱም ለሌሎች የሚሰጡበት ነው። «ሐረግ» ደግሞ አንዱ ዲስክ ከሰው ሰው እየተላለፈ እያንዳንዱ ገልብጦ የሚያሳልፍበት ነው። ሐረጉ ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ሰነፍ መሀል ከገባ ሁሉም ይቆማል። ዛሬ ብዙው በቶሬንት (ፋይሉን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በአንዴ በማውረድ) ያልቃል። ፈጣን ነው፣ አሻራውም ይረጋገጣል። የጎደለው ከቅጂው ጋር ይመጣ የነበረው ደብዳቤ ነው፣ «የኮንሰርቱን ሁለተኛ ክፍል ስማው፣ ፒያኒስቱ ያብዳል» የሚለው።

በየትኛውም መንገድ ሁለት ነገር አይጣስም። ቅጂ አይሸጥም፤ በሱቅ የወጣ አልበምም አይለዋወጥም። በአሜሪካ በ1994 የወጣው ሕግ ያለ ሙዚቀኛው ፈቃድ ኮንሰርት ቀድቶ ማሰራጨትን ከልክሏል። ሌላውም አገር የየራሱ ደንብ አለው። ሙዚቀኛው «አትቅዱ» ካለ አይቀዳም። የለዋወጣችሁት ኮንሰርት በኋላ በአልበም ከወጣም ግዙት፤ ገንዘቡ ለተጫዋቾቹና ለቤተሰባቸው ይድረስ።

ለግምት ጨዋታ የቱ ይሻላል?

ሌናርድ ፌዘር የተባለው የጃዝ ጸሐፊ በ1946 በሜትሮኖም መጽሔት ላይ «ብላይንድፎልድ ቴስት» የሚል ዓምድ ጀመረ። ለሙዚቀኛ ስም ሳይነግሩ ሙዚቃ ማሰማት፣ ከዚያ አስተያየቱን መጻፍ። ኋላ ወደ ዳውንቢት መጽሔት ተዛወረ። በ1951 ትራምፔት ተጫዋቹ ሮይ ኤልድሪጅ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በድምፃቸው ብቻ እለያለሁ ብሎ ተወራረደ። ሰማ፣ ገመተ፣ ውርርዱንም ተሸነፈ። ጆሮ ብቻውን ሲቀር ስም ያሸከመን ግምት ሁሉ ይራገፋል። የጨዋታው ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

እናንተ ስታዘጋጁ የመጀመሪያው ምርጫ የስቱዲዮ አልበም ወይስ የኮንሰርት ቅጂ የሚለው ነው። እኔ ለኮንሰርቱ አደላለሁ። ሻዛምን የመሰለ መተግበሪያ የሚያውቀው በማኅደሩ ያለውን ያንኑ ቅጂ ነው። ያው ሰው ያንኑ ዜማ በሌላ ምሽት ሲጫወተው አያውቀውም። ስልክ ያወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለተኛው ሲዲ ወይስ ፋይል ነው። ፋይል ከሆነ ስሙን ወደ ቁጥር ቀይሩ፣ ውስጡ የተጻፈውን የዘፈንና የተጫዋች ስም አጥፉ፣ የሽፋን ሥዕሉንም አውጡ። ይህን የረሳ ሰው የላከው እንቆቅልሽ ሳይሰማ ይፈታል። ሲዲ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለዚህ ነው ቀደም ብዬ ያሞገስኩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። አንድ አልበም እንዳለ አትገልብጡ። ኮምፒውተሩ በዘፈኖቹ ርዝመት ብቻ አልበሙን ለይቶ ስሙን ያወጣዋል። ከተለያየ ቦታ ቀላቅሉ።

ሦስተኛው ቁራጭ ወይስ ሙሉ? ብዙዎች አንድ ደቂቃ ይልካሉ። እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ሰው የሚታወቀው በመጀመሪያው የዜማ ሐረግ ብቻ አይደለም። ከሌላው ሶሎ በስተኋላ ሲያጅብ፣ ሲደክመው፣ ዝም ሲልም ይታወቃል። ኤሮል ጋርነር ግራ እጁ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ቀኙ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ኪት ጃሬት ከፒያኖው ጋር አብሮ ያዜማል። ሞንክ የሚተወው ባዶ ቦታ ከሚመታው ኖታ እኩል ይናገራል።

ክፍሉን ራሱን ስሙት። በጁን 25፣ 1961 ቢል ኤቫንስ በቪሌጅ ቫንጋርድ ሲጫወት በተቀዳው ላይ ከፒያኖው ድምፅ ሥር ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል። ስኮት ላፋሮ በቤዙ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ጊታር ይዘፍናል፣ ከፒያኖው ጋር እንደ እኩያ ይከራከራል። ላፋሮ ከዚያ 11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። ያን ብርጭቆ በሰማሁ ቁጥር ያኔ የነበሩት ሰዎች ምን እያመለጣቸው እንደሆነ አለማወቃቸው ልቤን ይነካዋል።

እንደየፍላጎትና እንደየአቅም

ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ከሆናችሁ ኮምፒውተርና ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ፍላክ ሰብስቡ። የተረፈ ነገር ካለ መጀመሪያ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግዙ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ስብስብ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዋናው ደስታችሁ መገመት ከሆነ ስለ ቢትና ኪሎኸርትዝ ብዙ አትጨነቁ። ፍጥነቱ የተረጋገጠ ቅጂ ፈልጉ። ጥቂት ባዶ ሲዲ ገዝታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር በየወሩ ተላላኩ። መልሱን በታሸገ ፖስታ አብራችሁ ላኩ።

ኮንሰርት ለመቅዳት ፈቃድ የምታገኙ ከሆነ አቅማችሁን ማይክሮፎን ላይ አውጡ። መቅጃው መካከለኛ ቢሆን ችግር የለም። በ24 ቢት ቅዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ የድራሙ ምት መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ በላይ ካለፈ አይመለስም።

የካሴት ሳጥን ለወረሳችሁ ደግሞ ምክሬ ረዘም ይላል። የተሻለውን ማጫወቻ ተዋሱ እንጂ ርካሹን አትግዙ። ጭንቅላቱን አጽዱ። እያንዳንዱን ካሴት ከመገልበጣችሁ በፊት ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ አድርጋችሁ የጭንቅላቱን ዘንበልታ የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በቀስታ አዙሩ። ሲምባሉ ድንገት ከጭጋግ ሲወጣ ትሰሙታላችሁ፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ካሴቱ በዶልቢ (የቴፕ ሽሽታ መቀነሻ) ተቀድቶ እንደሆነ ካላወቃችሁ አጥፉትና ይህንኑ ጻፉ። በ24 ቢት ገልብጡ። ሽፋኑ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ፣ የተሳሳተ ቢመስል እንኳ፣ ፎቶ አንሱ። ምንም ያልተጻፈበትን ካሴት ለመጨረሻ አታቆዩት፤ ከእሱ ጀምሩ፣ ፍላኩን ለሁለት ሦስት ጥሩ ጆሮዎች ላኩና «ይሄ ማነው?» በሏቸው።